ከሙያሽ ውጭ የጻፍሽውን አታጥፊው

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የሒሳብ አያያዝ ትምህርትሽን ለመጨረስ ጥቂት ወራት ቀርተውሻል። ባለፉት ዓመታት ስለ አሮጌ ሰዓት ጥገና፣ ስለ ወረፋ ጠባይ፣ አንዳንዴም ስለ ድመትሽ ለደስታሽ ያህል የጻፍሻቸውን አጫጭር ጽሑፎች ግን «ቀጣሪ ቢያያቸው ቁም ነገር የላትም ይለኛል» ብለሽ ልታጠፊያቸው አስበሻል።

ተይ፣ አታጥፊያቸው።

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጥናት፣ በሰው ጥቆማ ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ከጠቋሚው ጋር በዚያ ሰሞን ምን ያህል ይገናኙ እንደነበር ጠይቋቸው ነበር። አዘውትረን እንገናኛለን ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶዎቹ ጠቋሚውን የሚያገኙት አልፎ አልፎ ነበር፤ የቀሩት ደግሞ ከስንት አንዴ። የቅርብ ወዳጆችሽ የሚሰሙትን ወሬ አንቺም ትሰሚዋለሽ። አዲስ ወሬ ያለው አንቺ በማትደርሺበት ቦታ በሚውለው ሰው ዘንድ ነው።

ታዲያ ይህ በሩቁ የሚያውቅሽ ሰው በምን ያስታውስሻል? በአማካይ ውጤትሽ እንዳይመስልሽ። ክፍት የሥራ ቦታ ሲነሣ «ያቺ ስለ ሰዓቱ የጻፈችው ልጅ የሒሳብ ባለሙያ አልነበረችም እንዴ?» የሚል ሰው ነው የሚጠቅምሽ።

የሰዓቱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፈታተሽ ከገጠምሽው በኋላ አንዲት ብሎን ተርፋ፣ የተሳሳትሽበትን ደረጃ ለማግኘት ከመጨረሻው ተነሥተሽ ወደ ኋላ ሄድሽ። የመዝገቡ ሁለት ጎኖች፣ ዴቢትና ክሬዲት፣ አልገጥም ሲሉ የሒሳብ ሠራተኛ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «ለዝርዝር ነገር ትኩረት እሰጣለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በየማመልከቻው እያነበበ የሰለቸ ቀጣሪ፣ እዚህ ላይ ትኩረቱን በዓይኑ ያየዋል።

ይህ ማለት ግን ሁሉንም ከማመልከቻሽ ጋር አያይዢ ማለቴ አይደለም። የሰዓቱ ብቻ ይበቃል፤ እሱም በአንድ መስመር ይጠቀስ። ድመቷ ባለችበት ትኑር (እኔን አስቃኛለች)። በተግባር ልምምድ ላይ ስለነበረው አለቃሽ የጻፍሽውን ግን ዛሬውኑ አንሺው። ስሙን ባትጠሪውም ቢሮውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀጣዩ አለቃሽም ራሱን በእሱ ቦታ አድርጎ ነው የሚያነበው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሰዓቱ በመጨረሻ ሠራ ወይስ አልሠራም? ጽሑፉ አይናገርም። ቃለ መጠይቅ ላይ መጠየቅሽ ስለማይቀር መልሱን ይዘሽ ግቢ።