የካፌይን ጉትቻ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «አራት ኪሎ የኬሚስትሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከመዳብ ሽቦ የካፌይን ሞለኪውል ጉትቻ እየሠራሁ ለጓደኞቼ እሸጣለሁ። የፊልም ጀግኖች ምስል ያለበት የቁልፍ መያዣ ስሠራ ደግሞ የበለጠ ይሸጥልኛል። ስመረቅ የላብራቶሪ ሥራ ልፈልግ ወይስ ሱቅ ልክፈት?»

ውድ እህታችን፣ የላብራቶሪ ሥራውን ፈልጊ፤ ጉትቻውንም አትተዪ። ለጊዜው የሚዘገየው ሱቁ ብቻ ነው። ኪራይ በየወሩ ይከፈላል፤ ጉትቻ ግን በየወሩ እኩል አይሸጥም።

የፊልም ጀግኖቹን ግን ከአሁኑ አቁሚ። የሰው ፈጠራ ስለሆኑ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል። ሕጉ ባይኖር እንኳ መርካቶ በፋብሪካ ታትሞ የሚገባው ዕቃ ካንቺ ዋጋ በታች ስለሚሸጥ በእጅ ሠርተሽ አትደርሺበትም። ሞለኪውል ግን ባለቤት የለውም፤ በትክክል ለመሥራት ደግሞ ኬሚስትሪ ማወቅ ያስፈልጋል። አንቺ የምትሸጪው ይህን ትክክለኛነት ነው፤ የሚገዛሽ ሰው ሐኪም፣ ፋርማሲስት ወይም መምህር ነውና ስህተትሽን ገና ከመስታወቱ ጀርባ ያየዋል።

ስለዚህ ካፌይኑን እንመልከተው። 8 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጅን፣ 4 ናይትሮጅን፣ 2 ኦክስጅን አለው። በሽቦ ሲሠራ ሃይድሮጅኖቹ ስለማይታዩ 14 ነጥብ (አተም)፣ 15 ቦንድ (ነጥቦቹን የሚያገናኝ መስመር) ይቀራል፤ ከቦንዶቹ አራቱ ድርብ ናቸው። አንዱን ቦንድ 5 ሚሊ ሜትር ብታደርጊው ጉትቻው በቁመትም በወርድም 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሽቦውም፣ ድርቦቹ ሁለት ሁለት መስመር ስለሆኑ፣ 19 መስመር በ5 ሲባዛ 95 ሚሊ ሜትር ነው። ብክነትና መገጣጠሚያ ስላለ ለአንዱ ጆሮ 12 ሴንቲ ሜትር ቁረጪ። ለአንገት ሐብል ቦንዱን ወደ 8 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጊው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማዕዘኑ ነው። የባለ ስድስት ጎኑ ቀለበት ውስጥ 120 ዲግሪ፣ የባለ አምስት ጎኑ ውስጥ 108 ዲግሪ ነው፤ ሁለቱ በሚጋሩት ጥግ ከውጭ 132 ዲግሪ ይቀራል። በዓይን ግምት የሚያጥፍ ሰው ሁለቱንም ቀለበት 120 ያደርግና ትንሹ ቀለበት አልገጥም ሲለው በጉልበት ያጣምመዋል። በትክክለኛው ልክ ወረቀት ላይ ሣዪው፣ ወረቀቱን ጣውላ ላይ ለጥፊ፣ ራስ የሌላቸው 14 ቀጭን ምስማሮች በነጥቦቹ ላይ ምቺና ሽቦውን በነሱ ዙሪያ እጠፊ። ያ ጣውላ ከሁሉም መሣሪያሽ በላይ ዋጋ አለው፤ መቶኛውም ጉትቻ ከመጀመሪያው ጋር እኩል የሚሆነው በሱ ነው።

ሦስቱ ሜቲሎች (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያላቸው ቅርንጫፎች) ሁሉም ናይትሮጅን ላይ ነው የሚቀመጡት። ቁጥር 1 ናይትሮጅን ላይ ያለችውን ከዘነጋሽ የሠራሽው የካካዎውን ቲዮብሮሚን ነው፤ ቁጥር 7 ላይ ያለችውን ከዘነጋሽ ደግሞ ሻይ ውስጥ የሚገኘውን ቲዮፊሊን። ካፌይን ጠፍጣፋ ስለሆነ የግራውን ጉትቻ የቀኙ መስታወት ምስል አድርገሽ ብትሠሪው ያው ካፌይን ነው፤ ጥንዱ ፊት ላይ ያምራል። ወደ ዲኤንኤ ስትሻገሪ ግን ይህ አይሠራም። የተለመደው ዲኤንኤ ወደ ቀኝ የሚዞር ጥምዝ ስለሆነ ሁለቱም ጆሮ ላይ በአንድ አቅጣጫ መዞር አለበት።

ስለ ሽቦው። ከቤት መብራት ገመድ የሚወጣው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ውፍረቱ 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለጉትቻ ከባድ ነው። 0.8 ሚሊ ሜትሩን ሞተር ከሚጠግኑ ሱቆች በኪሎ ታገኚያለሽ፤ ግን ኢናሜል (መከላከያ ቀለም) ስለተቀባ ስታኞ (ሽቦ ማጣበቂያው ቀላጭ ብረት) አይዝም። በእሳት አታቃጥዪው፣ ጭሱ ጎጂ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ጠርገሽ አንሺው። መዳብ እየታጠፈ ሲሄድ ይደርቃል፤ አንድ ቦታ ደጋግመሽ ካጠፍሽው ይሰበራል፣ ስለዚህ የተሳሳተውን ከማቃናት አዲስ መቁረጥ ይሻላል። ስታኞ ስትገዢ እርሳስ የሌለበትን ጠይቂ፤ በ227 ዲግሪ የሚቀልጠው ቆርቆሮና መዳብ ነው። በ183 ዲግሪ የሚቀልጠው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ስታኞ እርሳስ ስላለበት ቆዳ ለሚነካ ጌጥ አይሆንም።

ጆሮ ውስጥ የሚገባው መንጠቆ መዳብ አይሁን፤ ከላብ ጋር አረንጓዴ ያወጣል። ርካሹ የገበያ መንጠቆም ብዙ ጊዜ ኒኬል ስላለበት ጆሮ ያሳክካል። ብር 925 (ከመቶ 92.5 እጁ ንጹሕ ብር የሆነ) መንጠቆ ከብር ሠሪ አሠሪ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ሱቆች ስለተበተኑ የሠሪውን ስልክ ያዢ፣ በሱቅ አድራሻ ብቻ አትተማመኚ።

ዋጋው ላይ ብዙ ጀማሪ ይወድቃል። ለምሳሌ ለአንድ ጥንድ ዕቃው 120 ብር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሥራ በሰዓት 150 ሒሳብ 225 ብር፣ ከረጢትና ካርድ 25 ብር፣ በድምሩ 370 ብር ነው እንበል። የሚበላሸውን ለመሸፈን 10 በመቶ ሲጨመር 407 ይሆናል። ሱቁ ከሽያጩ 30 በመቶ የሚወስድ ከሆነ 407ን በ0.7 አካፍዪ፤ 581 ብር ይመጣል፣ ትርፍሽ ገና ሳይጨመር። 407 ላይ 30 በመቶ ደምረሽ 529 ካልሽ ግን እጅሽ የሚገባው 370 ነው፤ የብልሽቱ ወጪ በየጥንዱ ካንቺ ኪስ ይወጣል ማለት ነው።

ለመሸጥ በቴሌግራም ቻናልና በቴሌብር ጀምሪ፤ ከዚያ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አካባቢና ቸርችል ጎዳና ላሉ የስጦታ ዕቃ ሱቆች አሳዪ። ሱቆች ደረሰኝ መጠየቃቸው ስለማይቀር የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ቀድመሽ አውጪ። ካርዱ ላይ የአረቢካ ቡና ፍሬ ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማ ካፌይን መሆኑን ጻፊበት፤ ለቱሪስት ስጦታውን ከአገሩ ጋር ያገናኝለታል።

ከጉትቻው በላይ ተስፋ የምንጥለው ግን የትምህርት መርጃ ላይ ነው። ካርቦን ጥቁር፣ ሃይድሮጅን ነጭ፣ ኦክስጅን ቀይ፣ ናይትሮጅን ሰማያዊ የሆኑ የእንጨት ኳሶች ያሉት የሞለኪውል ሞዴል ትምህርት ቤቶች በብዛት ሊገዙት የሚችሉት ዕቃ ነው። ካርቦኑን ስትበሺ ቀዳዳዎቹ 109.5 ዲግሪ መራራቅ አለባቸው። ናሙናውን ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ሳይከፈት አድርሺ።

የእያንዳንዱን ጥንድ ወጪ፣ ሰዓትና ሽያጭ በደብተር መዝግቢ። የተጣራው ትርፍ ክረምትን ጨምሮ ለስድስት ተከታታይ ወር የላብራቶሪ ደመወዝሽን ከሸፈነ፣ ደብተሩን ይዘሽ ስለ ሱቁ እንደገና እንነጋገር።