ጨዋታው ሳይጀመር ሕጉ አደከመን

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። አምስት ጓደኛሞች ነን፣ የሐዋሳ ልጆች። ጀርመን የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ ዘ ዳርክ አይ የሚባል፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ጀግና ሆኖ ታሪክ የሚጫወትበት የጠረጴዛ ጨዋታ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አምጥቶልን ሄደ። ጀርመኖቹ ዳስ ሽቫርዘ አውገ ነው የሚሉት። ቅዳሜያችንን ሙሉ ገጸ ባህሪ ለመሥራት ስንደምር ስንቀንስ ዋልን፣ ጨዋታው ግን እስካሁን አልተጀመረም። አንዱ ጓደኛችን «ይሄ የሒሳብ ፈተና ነው» ብሎ ተነስቶ ሄደ። በዚያ ላይ እናቴ ጠንቋይ ምናምን ስንል ሰምታ «ይሄ ነገር ቤቴ እንዳይደገም» ብላለች። እንተወው ወይስ መላ አለው?
— ከታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ እንዳትተዉት! ጨዋታው ምንም አልበደለም፣ እናንተ ግን ከከባዱ ነው የጀመራችሁት። በተለመደው ደረጃ አንድ ጀግና ለመሥራት 1,100 ነጥብ ይሰጣችኋል። ያንን ነጥብ ለ8 መሠረታዊ አቅሞች፣ ከ50 ለሚበልጡ ችሎታዎች፣ ለውጊያ ስልት፣ ሌላም ሌላም እያላችሁ ታከፋፍሉታላችሁ። አንድም ቀን ያልተጫወተ ሰው የቱ እንደሚጠቅመው በምን ያውቃል? ስለዚህ ይሄን ለጊዜው እርሱት። መጽሐፉ ውስጥ ተሠርተው ያለቁ ጀግኖች አሉ፣ ከነሱ አንዳንድ ምረጡና ግቡ።

ሕጉንም ሁላችሁ ማንበብ የለባችሁም። አንዳችሁ አጫዋች፣ ማለትም ታሪኩን የሚመራ፣ ሁኑ፣ እሱ ያንብብ፣ ሌሎቻችሁ «እንዲህ ላደርግ ነው» ማለት ብቻ ይበቃችኋል። ጨዋታው የሚካሄድበትን የፈጠራ ምድር፣ የአቬንቱሪያን ታሪክም እንዳትነኩት። ጨዋታው ከ1984 ጀምሮ ያለ ነው፣ የዚያ ምድር ታሪክም በየጊዜው እየተጨመረበት ስለመጣ ልጨርሰው ያለ ሰው ሳይጫወት ያረጃል። አንድ መንደር፣ አንድ የጠፋ ሰው፣ አንድ ገደል ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።

መጀመሪያ መልመድ ያለባችሁ የችሎታ ሙከራን ነው፣ ጀግናችሁ ያሰበችው ይሳካላት እንደሆነ በዳይስ የሚታይበትን ማለቴ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እኔ ይሄን ጨዋታ የወደድኩት በዚህ ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው የአሜሪካኖቹ ተመሳሳይ ጨዋታ ለእንዲህ ዓይነት ሙከራ አንድ ባለ 20 ፊት ዳይስ ያስጥላል። ይሄኛው ሦስት ያስጥላል፣ እያንዳንዱም ለየራሱ አቅም ነው። ገደል መውጣት ለምሳሌ ድፍረት፣ ቅልጥፍናና ጉልበት ይጠይቃል። የጀግናችሁ ድፍረት 13፣ ቅልጥፍናዋ 14፣ ጉልበቷ 12፣ የመውጣት ችሎታዋ ደግሞ 6 ነው እንበል። ጣላችሁ፣ 10፣ 17፣ 13 ወጣ። ከአቅሟ እኩል ወይም በታች ከሆነ አለፈች ማለት ነው። ድፍረቱ ላይ አለፈች። ቅልጥፍናው በ3፣ ጉልበቱ በ1 በልጦባታል። ያንን 4 ከችሎታዋ ትከፍላለች፣ 2 ይተርፋታል፣ ስለዚህ ወጥታለች። የተረፈው የሥራዋን ጥራት ያሳያል፦ እስከ 3 ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 6 ደረጃ 2፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አሁን አጫዋቹ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ልብሽ አልፈራም፣ ግን ድንጋዩ ላይ እግርሽ አዳለጠሽ፣ ክንድሽ እየተንቀጠቀጠ እንደምንም ጫፉን ያዝሽ።» አያችሁ፣ የት ጋ እንደተቸገረች ዳይሱ ራሱ ነገራችሁ። ሌላው ጨዋታ ላይ አለፈች ወይ ወደቀች ብሎ ነው የሚያልፈው። ሒሳቡ የሚያስከፍላችሁን ድካም እዚህ ይመልስላችኋል፣ ከልቤ ነው የምላችሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሦስቱም አቅሞቹ 13 ሆነው ችሎታው 0 የሆነ ሰው ከ100 ሙከራ 30 እንኳ አይሳካለትም። አጫዋቹ ለተራው ነገር ሁሉ ዳይስ ካስጣለ ጀግኖቻችሁ የቤት ደረጃ እንኳ መውጣት የማይችሉ ሰዎች ይሆኑባችኋል። ቢሳሳቱ ጉዳት ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ያስጥል።

ውጊያውን ለኋላ አቆዩት፣ ይንዛዛል። አንዱ ለመምታት ይጥላል፣ ቢሳካለት ሌላው ለመከላከል ይጥላል፣ እሱም ካልተሳካለት ጉዳቱ ይቆጠርና ጥሩሩ (የጦር ልብሱ) የሚከላከለው ያህል ከላዩ ይቀነሳል። ሁለት ጎበዞች ከተገናኙ ለረጅም ጊዜ ማንም ማንንም ሳይነካ ሊቀር ይችላል። መዋጋት ካማራችሁ አንድ ለአንድ ሞክሩት፣ አንድ ለአምስት አይደለም።

ባለ 20 ፊት ዳይስ ገበያ ላይ ካጣችሁ አትጨነቁ። ስልክ ላይ በነፃ የሚጫን አለ። መብራት ጠፍቶ ባትሪ ካለቀ ደግሞ ከ1 እስከ 20 ቁጥር የጻፋችሁበትን ብጥስጣሽ ወረቀት ጠቅልላችሁ ስኒ ውስጥ ክተቱ፣ ባወጣችሁ ቁጥር መልሳችሁ ቀላቅሉት፣ ያው ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር ከሆናችሁ ብቻ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ወረቀታችሁን እንዳይበትነው!

ወደ እናትህ ልምጣ። እሳቸው የሰሙት ነገር መጽሐፉ ውስጥ አለ፣ አስማትም አለ፣ ሰዎቹ የሚያመልኳቸው አሥራ ሁለት አማልክትም አሉ። የለም ብለህ አትዋሻቸው። የተረት ዓለም መሆኑን ንገራቸው፣ ቡናው ሲፈላ አጠገባቸው ተጫወቱ፣ ጆሯቸው ይስማ። በጨዋታው አስማተኛም ቄስም ሳይሆኑ አዳኝ፣ ወታደር ወይም ሌባ ሆኖ መጫወት ይቻላል። የአስማቱና የአማልክቱ ሕግ ደግሞ ከመጽሐፉ ከባድ ክፍሎች ውስጥ ስለሆነ ለጀማሪ መተዉ በራሱ እፎይታ ነው። ይሄን ሁሉ አስረድተሃቸው አሁንም ካልተዋጠላቸው ቤቱ የሳቸው ነውና ሌላ ጓደኛችሁ ቤት ሂዱ።

ያ ጥሎ የሄደውን ልጅ ደግሞ ጥሩት። ያለቀ ጀግና ስጡት፣ ድምሩን ሌላ ሰው ይያዝለት፣ እሱ ዳይሱን ይጣል። ጥቂት ከተጫወታችሁ በኋላ 1,100ውን ነጥብ እንደገና አውጡት፣ ያኔ ምን እንደጎደላችሁ ስለምታውቁ ምን እንደምትገዙበት አይጠፋችሁም።