የጥጃ ቀንድ ሲተኮስ ሕመሙን ማስታገስ

ጥያቄ፦ የሁለት ዲቃላ ጥጆቼን የቀንድ ቡቃያ በጋለ ብረት ላስተኩስ ነው። ያለፈችው ጥጃ ማደንዘዣ ተወግታም እየጮኸች ታገለች፤ በማግሥቱም ወተቷን በደንብ አልጠጣችም። ምን ጎድሎ ነው? (ከሰላሌ)

መልስ፦ ትግሉ ማደንዘዣው ነርቩን መሳቱን ወይም ሳይዝ መተኮሱን ያሳያል። መወጊያው ከዓይኗ ውጫዊ ጥግ እስከ ቀንዱ ሥር ባለው መስመር አጋማሽ ላይ ነው። በጣት ሲዳሰስ የአጥንት ጠርዝ ይገኛል፤ መርፌው ከጠርዙ ሥር ይገባል። ሐኪሙ ሲሪንጁን ሳብ አድርጎ ደም አለመምጣቱን ካየ በኋላ፣ በየጎኑ 2 በመቶ ሊዶኬይን (ማደንዘዣው) 5 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ከዚያ 10 ደቂቃ መታገስ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። የቡቃያውን ዙሪያ በመርፌ ጫፍ ጠቅ ጠቅ ሲያደርጉት ጭንቅላቷን ካሸሸች አልያዘም፤ ብረቱ ይቆይ።

የማግሥቱ ጉዳይ ሌላ ነው። ሊዶኬይን በአንድ ሁለት ሰዓት ይለቃል፣ ቃጠሎው ግን አለ። ጆሮዋን ደጋግማ ማርገፍገፏና ራሷን መነቅነቋ ሕመም ነው እንጂ ዝንብ አይደለም። ስለዚህ ከመተኮሱ በፊት ሜሎክሲካም የተባለ የሕመም ማስታገሻ በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ከቆዳ ሥር ትወጋ፤ ለ50 ኪሎ ጥጃ፣ በሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ካለው ብልቃጥ 1.25 ሚሊ ሊትር ማለት ነው።

ሜሎክሲካምን ዲክሎፌናክ በተባለው ሌላ የሕመም ማስታገሻ አይተኩት። በእሱ የታከመ ከብት ቢሞት ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ያልቃል።

ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያስተኩሷቸው፤ ከዚያ ወዲያ ቡቃያው ከራስ ቅሉ ጋር ይጣበቃል።