እምቢ መባል በፍርድ ያለቀ ጉዳይ አይደለም

ልጆቼ፣

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አንዲት የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ «አምና ለልምምድ አመልክቼ ያልተቀበለኝን የጥብቅና ድርጅት ዘንድሮ ደግሜ ብጠይቀው ይታዘበኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ አጭር ነው፤ አይታዘብሽም። ጥያቄዋ ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን አንድ ማመልከቻ አስታወሰኝ።

አመልካቹ የጎንደር ልጅ ነበር። መጀመሪያ ባመለከተበት ዓመት ቦታ የለም ተባለ፤ ቢሮአችን ለተለማማጅ የነበረው ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ነበር፣ ሁለቱም ተይዘው ነበርና እውነትም ቦታ አልነበረም። በዓመቱ ተመልሶ ጻፈ። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። «የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ» የሚለው እንኳ እንዳለ ነው፤ ልጁ ግን አራተኛ ዓመት ገብቷል። ዩኒቨርሲቲው ለልምምድ የሚጽፍለት የትብብር ደብዳቤም የአምናው ስለነበር የተጻፈበት የልምምድ ጊዜ አልፏል። ማመልከቻው ወደ ጎን ተደረገ። ኋላ ሲሰማ ልጁ ዓመቱን ሙሉ ነጻ የሕግ ድጋፍ ላይ ተቀምጦ ለአቅመ ደካሞች የቀለብ፣ የኪራይና ከሥራ የመባረር ክስ ሲያረቅ ከርሟል። ይህንን በአንድ መስመር እንኳ አልጻፈውም። «ምን ስትሠራ ከረምክ?» ብዬ ስልክ ያልደወልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

የሕግ ተማሪዎች ናችሁና በምታውቁት ልናገር። እምቢ መባል በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 5 አይታይም፤ በፍርድ ያለቀና ዳግም ክስ የማይቀርብበት ጉዳይ አይደለም። ይበልጥ የሚመስለው የቁጥር 231ን ነው። የክስ ምክንያት የማያሳይ ማመልከቻ ውድቅ ቢደረግም አስተካክሎ አዲስ ማቅረብ ይቻላል። ያው ወረቀት ከመጣ ግን ያው ትእዛዝ ይጠብቀዋል።

ከሁሉ በላይ መስተካከል ያለበት የጽሑፍ ናሙናው ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን 60 ገጽ አትላኩ፤ ማንም አያነበውም። አንድ ጥያቄ ይዛችሁ አራት ገጽ ጻፉ። ለምሳሌ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል ይጸናል ወይ? ፍሬ ነገሩን በአንድ አንቀጽ፣ ከዚያ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1723፣ ቀጥሎ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎችን ከነመዝገብ ቁጥራቸው፣ በመጨረሻም የራሳችሁን መደምደሚያ። ሰበር ቀድሞ የያዘውን አቋም ለውጦ እንደሆነ ሳትፈትሹ አትላኩ። በተሻረ ሕግ የሚጽፍ አመልካች በየዓመቱ አይጠፋም፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እያለ የቀድሞውን 377/96ን፣ የንግድ ሕግ አዋጅ 1243/2013 እያለ የ1952ቱን የንግድ ሕግ የተሻሩ ክፍሎች። ይህን ያየ ጠበቃ ቀጣዩን ገጽ አይገልጥም።

ናሙናው ከቢሮው ሥራ ጋርም ይግጠም። ጎንደር ላይ በአብዛኛው የምታገኙት ለብቻው የሚሠራ ጠበቃ ነው፤ መዝገቡም ቤተሰብ፣ መሬት፣ ኪራይ ነው። በጥብቅና አገልግሎት አዋጅ 1249/2013 መሠረት የተቋቋሙት የአዲስ አበባ ድርጅቶች ግን ብዙ ውልና የኢንቨስትመንት ሥራ ይይዛሉ፤ ብዙውም በእንግሊዝኛ ነው። ለእነዚህ የቀለብ ክስ ብቻ መላክ በአንድ ቁልፍ ሁለት በር ለመክፈት መሞከር ነው።

ውጤት ያን ያህል ዋና ነገር አይደለም። (እውነቱን ለመናገር ዐይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው።) ዝቅ ያለ ውጤት ካላችሁ በደብዳቤው አትከራከሩበት፤ ከፍ ብሎ የመጣ የቅርብ ሴሚስተር ካለ ግን ጥቀሱት።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን። በሁለተኛው መስመር «አምናም አመልክቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ይህንን ሠርቻለሁ» በሉ። ማመልከታችሁ መዝገብ ላይ ስላለ መደበቁ አይጠቅምም። ቅሬታ ግን አትጨምሩ። ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የምታመለክቱ ከሆነ የት እንደምታርፉ ጻፉ፤ ብዙ ልምምድ ክፍያ የለውም፣ ቢሮውም በሁለተኛው ሳምንት ጥለው ይሄዳሉ ብሎ ይሰጋል። አዲስ የትብብር ደብዳቤ አውጡ፤ ከቀን እስከ ቀን ይጻፍበት። የሚላከው ፒዲኤፍ ነው፣ በስልክ የተነሣ ፎቶ አይደለም።

በአሥረኛው ቀን ደውሉ። የዘንድሮ ልጆች ቴሌግራም ላይ ነብር ናችሁ፣ ስልክ ለመደወል ግን ትሽኮረመማላችሁ። እንደገና እምቢ ከተባላችሁ «ለምን?» አትበሉ፤ «ደብዳቤው፣ ናሙናው ወይስ ጊዜው ነው የደከመው?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ለተጠየቀ ጥያቄ ሰው መልስ አያጣም።

ለጠየቀችኝ ልጅ፦ የአምናውን ደብዳቤና የዘንድሮውን ረቂቅ አብረሽ ላኪልኝ። ጎን ለጎን አድርጌ አያቸዋለሁ።