«ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል»

አንዲት የጅማ እናት እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ወንድሜ የሚኖረው አፋር ክልል፣ አዋሽ ፈንታሌ ነው። የመሬት መንቀጥቀጡ ሲበረታ ቤታቸው ተሰነጠቀ፤ እሱና ሚስቱ ሸራ ውስጥ ገቡ። የ9 ዓመት ሴትና የ5 ዓመት ወንድ ልጃቸውን እኔ ጋ ላኩ። ትንሹ ሌሊት አልጋው ላይ ይሸናል፤ ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል፤ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና በደጅ ሲያልፍ ይጮኻል። ባለቤቴ ‹ወንድ ልጅ እንዲህ አይፈራም› እያለ ይቆጣዋል። አማቴ ደግሞ ልጅቷ አጋሮ አክስቷ ጋ ትሂድ ይላሉ። ምን ላድርግ?»

ውድ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እባክዎ ልጆቹን አይለያዩዋቸው። ቤታቸው ቀርቷል፣ ትምህርት ቤታቸው ቀርቷል፣ እናትና አባታቸው ሩቅ ናቸው። አሁን ያላቸው አንዱ ለሌላው ነው። አማትዎ ለእርስዎ አዝነው እንደሆነ ይገባኛል፤ ሁለት ልጅ መጨመር ቀላል አይደለም። ታዲያ የአጋሮዋ አክስት እህል ይላኩ፣ ወይም አንዳንዴ ሁለቱንም አብረው ይውሰዷቸው። ልጅቷንም ይዩልኝ። ወንድሟን የምታጥብ፣ የምታባብል፣ ምንም የማትጠይቅ ልጅ «እንዴት ያለች ጨዋ» ትባላለች። እሷም ፈርታለች፤ ሞግዚት አያድርጓት።

ወደ ትንሹ ልምጣ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በሬክተር መለኪያ 5.7 ገደማ የሆነው መንቀጥቀጥ የመጣው ሊነጋጋ ሲል ነው። የካቲት 7 ቀን 6.0 የደረሰውም በሌሊት ነው። ለዚህ ልጅ እንቅልፍ ማለት መሬት የምትንቀጠቀጥበት ሰዓት ነው። ጫማውን ያላወለቀው ለመሮጥ ተዘጋጅቶ ነው። አይንጠቁት። «ጫማህን እዚችው አልጋህ ሥር እናስቀምጥ፣ ባትሪም አጠገቡ» ይበሉት። ሲረጋጋ ራሱ ያወልቃል።

ሽንቱ ብልግና አይደለም፤ ሰውነቱ የፈራውን እየተናገረ ነው። አንሶላውን በዝምታ ይቀይሩ። እንግዳ ፊት አያንሱት፣ እህቱም አትሳቅበት። የኤፍኤስአሩን ነገር ደግሞ በቀን ይሞክሩት፦ እጁን ይዘው ደጅ ይውጡ፣ መኪናው ሲያልፍ እጁን ግድግዳው ላይ ያድርግ፣ ንዝረቱ ሲቆምም ይስማው።

ባለቤትዎን ለብቻቸው ያናግሯቸው። «ማታ ማታ አንተ አስተኛው፣ ያንተ ድምፅ ያረጋጋዋል» ቢሏቸው ከክርክር ይሻላል።

«እዚህም ይመጣል?» ቢላችሁ አትማሉለት። እውነቱ ለልጅም ይነገራል፦ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች በኩል ከመሬት ሥር የቀለጠ ዐለት እየተንቀሳቀሰ መሬቱን ሰንጥቋል፤ ጅማ ከዚያ ሩቅ ናት። መሬት ቢነቃነቅ እንኳ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተን ራሳችንን እንሸፍናለን በሉትና አብራችሁ ተለማመዱት። የተሰነጠቀ መሬት ቪዲዮ ግን ከስልኩም ከቴሌቪዥኑም ይጥፋ።

ከወላጆቻቸው ጋር በተቻለ መጠን በየቀኑ በአንድ ሰዓት በስልክ ይገናኙ። «በፋሲካ ትመለሳላችሁ» የሚል ቀን ግን ማንም አይቁረጥላቸው።

ፍርሃቱ ወር አልፎት ካልቀነሰ፣ ወይም መብላት፣ መጫወት፣ መናገር ካቆመ፣ ጅማ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት። ልጁ አብዷል ማለት አይደለም።

ትምህርት ቤት ቶሎ ያስገቧቸው። ወረቀት ከሌላቸው ቀበሌውን ያናግሩ። ሁለቱም የአባታቸውን ሙሉ ስምና የእርስዎን ስልክ ቁጥር በቃላቸው ይያዙ፤ እርስዎም ማን እንደሚያመላልሳቸው ለመምህራቸው በስም ያሳውቁ፣ ከዚያ ሰው ውጪ ለማንም እንዳይሰጧቸው።