ጥሻውን ተዉት! የደን በጎ ፈቃደኞች ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሳይገባ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ ብለን ነበር። መላሹ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን በሀገር በቀል ዛፎች ችግኝ ጣቢያ ያሳለፉት አባላችን ናቸው።

ከሰበታ፦ ጋሼ፣ ችግኝ መቼ ይተከላል?

ጋሼ፦ መሬቱ ዝናብ ሲጠግብ። እናንተ ጋ ሐምሌ ላይ። ጉድጓዱን ግን ከአሁኑ ቆፍሩ። ስትተክሉ ፕላስቲኩን አውጡ። በየዓመቱ ከነፕላስቲኩ የሚቀብር አይጠፋም።

ከደብረ ታቦር፦ በቤተ ክርስቲያናችን ዙሪያ ያለውን ደን ለማጽዳት ወጣቶች ተሰባስበናል። ቁጥቋጦውን መንጥረን ትልልቆቹ ዛፎች ጎልተው እንዲታዩ አስበናል። ከየት እንጀምር?

ጋሼ፦ አትጀምሩ! ጥሻ ቆሻሻ አይደለም። ወፏ የወይራ ፍሬ በልታ ደደሆ የሚባለው ቁጥቋጦ ላይ ታርፋለች፤ ዘሩን እዚያው ትጥላለች። ደደሆው ለቡቃያው ጥላ ይሆነዋል፣ ከፍየል አፍም ይሸሽገዋል። ትግራይ ውስጥ በተደረገ ጥናት የወይራ ችግኝ ገላጣ ላይ ከተተከለው ይልቅ ደደሆ ሥር ያለው በተሻለ ሲተርፍ ታይቷል። እናንተ በገጀራ የምትመነጥሩት የነገውን ወይራ ነው።

«ዘሩ አፈር ውስጥ ስላለ ራሱ ይመለሳል» የሚለኝም ብዙ ነው። የሚመለሰው ሣሩና አረሙ ነው። የአብዛኞቹ ትልልቅ የደጋ ዛፎቻችን ዘር አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ አይቆይም። ወዲያው ይበቅላል ወይም ይሞታል። እናት ዛፏ ከተቆረጠች ቡቃያውም ከተመነጠረ በቃ፣ ከየት ይመጣል?

ጉልበት ካላችሁ የድንጋይ አጥር ሥሩ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን አጥንተዋል። ከብት እንዳይገባ በታጠረው ቦታ ቡቃያው በተሻለ ተርፏል። ድንጋዩን ከአጠገብ ማሳ ልቀሙ፤ ገበሬውም ማሳው ስለሚጸዳለት ይመርቃችኋል። ከብት አታስገቡ፣ ጥሻውን አትንኩ። ሌላው ይደርሳል።

ከደሴ፦ ምን ዓይነት ዛፍ ብንተክል ይሻላል?

ጋሼ፦ የት? ቆላ ነው ደጋ? ገደል ነው ወንዝ ዳር? እንዲህ ተጠይቆ ምን ይመለሳል! ዋንዛ የወይና ደጋ ነው፣ ኮሶ የደጋ። በአካባቢው ያለ የቆየ ቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ቅጥር ሂዱና ምን እንደቆመ እዩ። ዘሩንም ከዚያው ልቀሙ።

ከአዲስ አበባ፦ ባሕር ዛፍስ? ቶሎ ይደርሳል።

ከሱሉልታ፦ ኧረ ተወን! ምንጫችንን ያደረቀው ማን ሆነና?

ከአዲስ አበባ፦ ምኒልክ ባያስመጡት ከተማው በምን እንጀራ ይጋግር ነበር? አጣና ከየት ይመጣ ነበር?

ከሱሉልታ፦ አጣናህን በማሳህ ትከል፣ ምንጭ ላይ ምን አመጣህ?

ጋሼ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፣ ግን ቦታው እዚህ አይደለም። ባሕር ዛፍ ሰብል ነው። እኛ የምናወራው ስለ ደን ነው። ዝጉት።

ከሆለታ፦ ጋሼ፣ እርስዎ መትከል አይወዱም መሰለኝ። የመናገሻ ሱባ ደን እኮ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የተተከለ ነው ይባላል።

ጋሼ፦ ጎሽ፣ ጥሩ ጥያቄ። የሚባለው የጽድ ዘር ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን ተወስዶ እንደተተከለ ነው። ልብ በል፣ ከደጋ ደን ወደ ደጋ ነው የሄደው። ደግሞ ከተተከለ በኋላ ለዘመናት የቤተ መንግሥት ደን ተብሎ ተጠበቀ። ያ ጥበቃ ባይኖር ዛሬ ስሙን አታነሳልኝም ነበር። መትከል አልጠላም። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር እኔም ቆፍሬያለሁ። የምጠላው ፎቶ ተነስቶ መጥፋት ነው። በጥቅምት ተመለሱና አርሙ። በበጋም ተመለሱና የጸደቀውን ቁጠሩ።

ከአዳማ፦ ቅንጬ አረም ወሮናል።

ጋሼ፦ ሳያብብ ከነሥሩ ንቀሉ። አንዱ ተክል ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ዘር ይበትናል። ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ያሳክካል። አስም ያለበት ሰው አይምጣ።

ከሐዋሳ፦ የወፍ ቆሎ አበባው ስለሚያምር ለደኑ አጥር ብናደርገውስ?

ጋሼ፦ በፍጹም። ከብት ይመርዛል፣ ወፍም በየቦታው ትዘራዋለች። ላይ ላዩን ከቆረጣችሁት መልሶ ያቆጠቁጣል። ሥሩን ቆፍራችሁ አውጡት።

ከሐዋሳ፦ ጥሻውን አትንኩ አላሉም እንዴ?

ጋሼ፦ ልጄ፣ የሀገር በቀሉን ጥሻ ነው ያልኩት! ደደሆ፣ አጋም፣ ቀጋ። የወፍ ቆሎ ከአሜሪካ የመጣ ወራሪ ነው። ለይቶ የሚያውቅ ሽማግሌ ሳትይዙ ገጀራ አታንሱ።

ከቨርጂኒያ፦ እዚህ ያለን የሀገር ልጆች ለችግኝ መግዣ ገንዘብ ማዋጣት እንፈልጋለን።

ጋሼ፦ እግዜር ይስጥልን። ለችግኝ ግን አትላኩ፣ ችግኝ ሞልቷል። የጎደለው ጠባቂ ነው። ለአንድ ጠባቂ የሦስት ዓመት ደመወዝ ብታዋጡ ከብዙ ሺህ ችግኝ ይበልጣል። ከብት የሚመልሰው እሱ ነው።

ከባሕር ዳር፦ ስለ እምቦጭ ይንገሩን።

ጋሼ፦ እኔ የውሃ ሰው አይደለሁም፣ ጣና ላይ የሚሠሩትን ጠይቁ። ነቅላችሁ ዳር ላይ ግን አትተዉት። ውሃው ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል።

ከወሊሶ፦ ችግኝ የሚተከለው መቼ ነው?

ጋሼ፦ ከላይ አንብብ። ፕላስቲኩንም አውጣ።

ከደብረ ታቦር፦ እሺ ጋሼ፣ ምንጣሮውን ትተን አጥሩን እንጀምራለን። ግን የሰበካ ጉባኤው የሚፈልገው ጸድቶ እንዲታይ ነው። ምን እንበላቸው?

ጋሼ፦ ከመግቢያው በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን መንገድ ጥረጉላቸው። ፌስታልና ጠርሙሱን ልቀሙ። ይጸዳል፣ ደስም ይላቸዋል። ከዚያ ወደ ውስጥ ይዛችኋቸው ግቡና ደደሆ ሥር የበቀለ ወይራ አሳዩዋቸው። ካላገኛችሁ ከብት ይገባል ማለት ነው፤ አጥሩን በዚያ በኩል ጀምሩ።

ከደሴ፦ ውሎ አበል አለው?

ጋሼ፦ የለውም።