«ዋጋ ሲወርድ ዲማንድ ይጨምራል» ብሎ መጻፍ ለምን ነጥብ ያስቀንሳል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ፈተና ባለፈ ማግስት የተጻፉ ናቸው። ኢኮኖሚክስ ሳስተምርና ወረቀት ሳርም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ያልተማረ ሲወድቅ አይገርመኝም። የለፋ ልጅ በአንዲት ቃል ነጥብ ሲጥል ማየት ግን ዛሬም ይከብደኛል። ስለዚህ አራቱን መርጬ ሰፋ አድርጌ መለስኩ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለፈተናው በደንብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ጓደኞቼን ያስጠናሁትም እኔ ነኝ። ጥያቄው «አንድን ዕቃ ለማምረት የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ቢረክስ የዕቃው ዋጋና የሚሸጠው መጠን ምን ይሆናል?» ይላል። የጻፍኩት ይኸው፦ «ሰፕላይ ይጨምራል፤ ዋጋ ይወርዳል። ዋጋ ሲወርድ ዲማንድ ይጨምራል። ዲማንድ ሲጨምር ዋጋው ተመልሶ ይወጣል።» ከ10 ያገኘሁት 4 ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ልጄ፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ ልክ ነው። ነገሩ የተበላሸው «ዲማንድ ይጨምራል» ካልሽበት ጀምሮ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር በስንት ወረቀት ላይ እንዳነበብኳት ቆጥሬ አልዘልቀውም። የሚጽፏት ደግሞ ሰነፎች አይደሉም።

በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ዲማንድ ጨመረ» ስንል ሰው ብዙ ገዛ ማለታችን ነው። በኢኮኖሚክስ ግን ዲማንድ አንድ ቁጥር አይደለም። በእያንዳንዱ ዋጋ ሰዎች ምን ያህል ለመግዛት እንደሚፈልጉና እንደሚችሉ የሚያሳየው መስመር በሙሉ ነው። የዕቃው ዋጋ ስለወረደ መስመሩ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ገዢዎቹ ናቸው በመስመሩ ላይ ወደ ታች የሚወርዱት። የጨመረው የሚፈለገው መጠን ብቻ ነው። ሰፕላይም እንዲሁ በእያንዳንዱ ዋጋ ሻጮች ምን ያህል ለማቅረብ እንደሚፈልጉ የሚያሳየው መስመር ነው።

ሁለቱ ሲቀላቀሉ ምን እንደሚፈጠር በራስሽ መልስ ላይ እዪው። ዋጋ ወረደ፣ ስለዚህ ዲማንድ ጨመረ። ዲማንድ ጨመረ፣ ስለዚህ ዋጋ ወጣ። ዋጋ ወጣ፣ ስለዚህ ዲማንድ ቀነሰ። የት ጋ ነው የሚያቆመው? አያቆምም። መልስሽ እንዲህ መዞር ከጀመረ ወደ ኋላ ተመልሰሽ «ዲማንድ» ያልሽበትን ቦታ ፈልጊ።

እኔ ሙሉ ነጥብ የምሰጠው መልስ ይህን ይመስላል፦ «የማምረቻ ወጪ ስለቀነሰ የሰፕላይ መስመር ወደ ቀኝ ይሄዳል። የዲማንድ መስመር ባለበት ይቆያል። በድሮው ዋጋ ገዢ ያጣ ትርፍ ዕቃ ስለሚኖር ዋጋው መውረድ ይጀምራል። ዋጋው ሲወርድ የሚፈለገው መጠን ይጨምራል፤ የሚቀርበው መጠን በአዲሱ መስመር ላይ ይቀንሳል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ዋጋው ይቆማል። ከበፊቱ ዋጋው ዝቅ፣ የሚሸጠው መጠን ከፍ ይላል።» ተመልከቺ፤ ዲማንድ ጨመረ የሚል ቃል የለበትም።

መስመር ከማንቀሳቀስሽ በፊት አንድ ነገር ራስሽን ጠይቂ። የተለወጠው ነገር ግራፉ ላይ ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም? የዕቃው የራሱ ዋጋ ግራፉ ላይ አለ፤ ስለዚህ ጉዞው በመስመሩ ላይ ነው። የገዢዎች ገቢ፣ የተተኪ ዕቃ ዋጋ፣ የገዢዎች ብዛት፣ «ነገ ይወደዳል» የሚል ግምት ግን ግራፉ ላይ የሉም። እነሱ ሲለወጡ መስመሩ ራሱ ቦታ ይቀይራል።

እግረ መንገዴን አንድ ልጨምር። ሰፕላይ ሲጨምር «መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ወደ ላይ የወጣ የሰፕላይ መስመር የቀነሰ ሰፕላይ ነው። በዚህ ልጆቹን ብቻ አልወቅስም። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አልፍሬድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው መጽሐፉ ዋጋን በቁሙ፣ መጠንን በአግድሙ ዘንግ አድርጎ ነበር የሳለው፤ እኛም እስከ ዛሬ የምንስለው እንደዚያው ነው። በሒሳብ ክፍል የለመድነው ደግሞ ግልባጩን ነው። ስለዚህ «ላይ» እና «ታች» የሚሉትን ቃላት ተያቸው። ቀኝና ግራ በይ።

ጥያቄ፦ ዋጋ ከ10 ወደ 12 ሲወጣ የሚፈለገው መጠን ከ100 ኪሎ ወደ 90 ኪሎ ወረደ፤ ኢላስቲሲቲውን (ዋጋ ሲለወጥ የሚፈለገው መጠን ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚለካውን) አስሉ ተባልን። የ10ን ልዩነት ለ2 አካፍዬ 5 አገኘሁ። «በጣም ኢላስቲክ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ! ለሙከራዬ እንኳ ነጥብ አይገባኝም ነበር?

መልስ፦ ብስጭትህ ይገባኛል። ግን ያሰላኸው ሌላ ነገር ነው። ዋጋው በአንድ ሲጨምር መጠኑ በስንት ኪሎ እንደሚቀንስ ነው ያገኘኸው። ያንኑ ዕቃ በግራም ብትለካው መልስህ 5,000 ይሆናል። ገዢዎቹ ያው፣ ገበያው ያው፣ መልሱ ግን ሺህ እጥፍ! ኢላስቲሲቲ በመቶኛ የሚሰላው ለዚህ ነው።

መጠኑ የቀነሰው 10 በመቶ ነው። ዋጋው የጨመረው 20 በመቶ ነው። 10 ለ20 ሲካፈል 0.5 ነው፤ የመቀነስ ምልክቱን አትርሳ። ከ1 ስለሚያንስ ኢንኢላስቲክ ነው፤ መጠኑ የተለወጠው ከዋጋው ባነሰ መቶኛ ነው ማለት ነው። የአንተ ድምዳሜ ፍጹም ተቃራኒው ነበር። መምህራችሁ የመካከለኛ ነጥብ ዘዴ የሚጠቀሙ ከሆነ የመጠኑን ለውጥ ለአማካዩ ለ95፣ የዋጋውን ለውጥ ለአማካዩ ለ11 ካካፈልክ በኋላ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ታካፍላለህ፤ ውጤቱ 0.58 ገደማ ይመጣል። የቱን እንደሚፈልጉ ከፈተናው በፊት ጠይቃቸው።

ፈተና ክፍል ውስጥ መልስህን የምታጣራበት መንገድም አለ። የሻጩን ገቢ አባዛ። በፊት 10 በ100፣ 1,000 ነበር። አሁን 12 በ90፣ 1,080 ሆነ። ዋጋ ወጥቶ ገቢ ከጨመረ ዲማንዱ ኢላስቲክ ሊሆን አይችልም። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

መቶኛን ካነሳን አይቀር፣ ወለድ ከ4 በመቶ ወደ 5 በመቶ ሲወጣ «1 በመቶ ጨመረ» አትበል። የጨመረው 1 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ በመቶኛ ካልን 25 በመቶ ነው። የዋጋ ግሽበት ከ8 ወደ 5 በመቶ ወረደ ማለትም ዕቃ ረከሰ ማለት አይደለም። በ100 የነበረው መጀመሪያ 108 ገባ፤ ቀጥሎ 113.4 ደረሰ። መወደዱ ቀጥሏል፤ ፍጥነቱ ነው የቀነሰው።

ጥያቄ፦ የሞኖፖሊ (የብቸኛ ሻጭ) ግራፍ ላይ ማርጂናል ረቬኒው (አንድ ተጨማሪ ዕቃ ሲሸጥ የሚጨመረው ገቢ) እና ማርጂናል ኮስት (አንድ ተጨማሪ ዕቃ ለማምረት የሚጨመረው ወጪ) የሚገናኙበትን ነጥብ በትክክል አግኝቼ ዋጋውን ከዚያው አነበብኩ። ለምን ተሰረዘብኝ?

መልስ፦ ከዚያ ነጥብ የሚነበበው መጠን ብቻ ስለሆነ ነው። ዲማንዱ «ዋጋ = 20 − መጠን» ነው እንበል። ማርጂናል ረቬኒው 20 − 2 × መጠን ይሆናል። ማርጂናል ኮስት 4 ቢሆን መስመሮቹ መጠኑ 8 ላይ ይገናኛሉ። አንተ እንዳደረግከው ካነበብነው ዋጋው 4 ይሆናል። ግን 8 ዕቃ ብቻ ሲቀርብ ገዢዎቹ 12 ለመክፈል ዝግጁ ናቸው፤ ሻጩ ምን ቆርጦት በ4 ይሸጣል? ከመገናኛው ነጥብ ቀጥ ብለህ ዲማንዱ ጋ እስክትደርስ ውጣ፤ ዋጋው እዚያ ነው። 4 ዋጋ የሚሆነው ፍጹም ውድድር ባለበት ገበያ ነው፤ ያኔ ደግሞ መጠኑ 16 ነው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህር። ልጄ ሌሊቱን ሲያነብ ያድራል። ማስታወሻውን በቃሉ ይወጣዋል። «ገምግም» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን ግማሽ ነጥብ እንኳ አያገኝም። እኔ ኢኮኖሚክስ አልተማርኩም። ምን ላግዘው?

መልስ፦ የተከበሩ አባት፣ ብዙ ሊያግዙት ይችላሉ። «ገምግም» ሲባሉ ልጆች የሚያውቁትን ሁሉ ይዘረግፋሉ። «የቤት ኪራይ የዋጋ ጣሪያ ተከራዮችን ይጠቅማል? ገምግም» ተብሎ ሲጠየቅ ትርጉሙን (ከዚህ በላይ ማስከፈል ክልክል ነው የሚል ሕግ) ይጽፋሉ፣ ግራፉን ይስላሉ፣ ያቆማሉ። ግራፉም ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። «ጣሪያ» የሚለው ቃል እያሳሳታቸው መስመሩን ከገበያው ዋጋ በላይ ያሰምሩታል። እዚያ ከሆነ ማንንም አይነካም። የሚሠራው ከገበያው ዋጋ በታች ሲሆን ነው፤ ያኔም እጥረት ይመጣል።

ነጥቡ ያለው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ማን ተጠቀመ? ቀድሞ ቤት የያዘው። ማን ተጎዳ? አዲስ ቤት ፈላጊው። እጥረቱስ ምን ያህል ነው? ቤት በአንድ ጀምበር አይሠራም፣ አይፈርስምም። ስለዚህ መጀመሪያ እጥረቱ ትንሽ ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ፣ አዲስ የሚሠራ ሲጠፋ ይሰፋል። በመጨረሻ «ይጠቅማል» ወይም «አይጠቅምም» ብሎ አቋም መያዝ፣ በምን ሁኔታ እንደሆነም መናገር አለበት።

የእርስዎ ሥራ ይህ ነው። አንድ የቆየ የፈተና ጥያቄ ይስጡት። ደብተሩ ይዘጋ። ሰዓት አይተው 20 ደቂቃ ይያዙለትና ይጻፍ። ሲጨርስ ጮክ ብሎ ያንብብልዎት። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ «ለምን?» ይበሉት። ትምህርቱን ማወቅ አያስፈልግዎትም። መልስ አጥቶ ዝም ያለበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉለት። ነገ ማታ የሚያነበው ያንን ብቻ ነው፤ ከዚያ ይተኛ።